የጣና ገባር ወንዞች ጤነኞች ናቸው ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጣና ሐይቅ ገባር ወንዞች የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ጸሐፊው ለሐይቁ የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ከአነጋገራቸው ያስታውቃል፤ አጻጻፋቸውም ይነበባል። የደረሱበት መደምደሚያ ግን ሥራ ላይ ቢውል ወንዞቹንም ወንዝ ዳር የሚኖረውንም ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ መመለስ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ክርክራቸው በአጭሩ እንዲህ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በክረምት የሚደፈርሱት የተራራማ አገር ወንዝ ባሕርይ ስለሆነ ነው፤ በበጋ ጥርት ማለታቸው ጤነኛነታቸውን ያሳያል። እርሻ ያደረሰው ጉዳት ካለም በየዓመቱ በዘመቻ በሚሠራው እርከን ተገትቷል። ገበሬው የሚጠቀመው ማዳበሪያ ከሌላው ዓለም አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከተሞቹም ትንንሽ ስለሆኑ ወንዙ ፍሳሻቸውን ችሎ ይወስዳል። እምቦጭ ከውጭ የመጣ አረም እንጂ የገባሮቹ ሕመም ምልክት አይደለም፤ ተነቅሎ ሲያልቅ ችግሩም ያልቃል። እንግዲህ የሚቀረው ወንዝ ዳር የሰፈረው ገበሬ ነው፤ እሱን ከግራና ከቀኝ መቶ መቶ ሜትር አርቆ ዳርቻውን ባሕር ዛፍ ማልበስ ይበቃል።

ከድፍርሱ ልጀምር። ጸሐፊው ግማሹን እውነት ይዘዋል። ርብና ጉማራ የሚነሱት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ነው። እንዲህ ካለ ዳገት የሚወርድ ውኃ ሰው ባይኖርም አፈር ይዞ ይወርዳል። የፎገራ ሜዳ ራሱ ወንዞቹ በሺህ ዓመታት አምጥተው ያነጠፉት ደለል ነው። ጥያቄው ታዲያ ወንዙ ይደፈርሳል ወይስ አይደፈርስም የሚለው አይደለም፤ ምን ያህል፣ መቼ፣ ደለሉስ የት ያርፋል የሚለው ነው።

«መቼ» የሚለውን እንመልከት። ድፍርሱ የተራራው ባሕርይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወንዙ በጣም የሚደፈርሰው በጣም በሚሞላበት ጊዜ፣ ማለትም በነሐሴ ነበር። በደጋው ወንዞች ላይ የሚታየው ግን ሌላ ነው። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ያለው አፈር ከፍተኛ የሚሆነው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ፣ ክረምቱ ገና ሲገባ ነው። በነሐሴ አጋማሽና በመስከረም ወንዙ አሁንም ሞልቶ ሳለ ድፍርሱ ይቀንሳል። ምክንያቱ ማሳው ላይ ነው። ጤፍ የደቀቀ አፈር ስለሚፈልግ መሬቱ አራት አምስት ጊዜ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ አንዳች ሽፋን ሳይኖረው የመጀመሪያውን ኃይለኛ ዝናብ ይቀበላል። አዝመራው በቅሎ መሬቱን ሲሸፍን አፈሩ ይረጋል። እንግዲህ የድፍርሱ ቀን መቁጠሪያ የእርሻው ቀን መቁጠሪያ ነው፤ ጸሐፊው ይህን ልዩነት ሳያነሱ አልፈውታል።

«የት ያርፋል» ለሚለው ርብ ራሱ መልስ ይሰጣል። ወንዙ ፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ያጣል፤ ይዞት የመጣውንም እዚያው ይጥላል። በታችኛው ክፍል የወንዙ አልጋ ከፍ እያለ መጥቶ፣ ዳርና ዳሩን በአፈር ማገጃ ካልያዙት በቀር ወደ ሜዳው የሚፈስበት ቦታ ብዙ ነው። ማገጃው ወንዙን ቢያስርም ደለሉም አብሮ እዚያው ስለሚታሰር አልጋው የበለጠ ይነሳል፤ ማገጃውም እንደገና ከፍ መደረግ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2006 ክረምት ፎገራን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። ያን ዓመት ዝናቡ ከባድ ነበር፤ ነገር ግን አልጋው የተሞላ ወንዝ ለአንድ ዓይነት ዝናብ ሁልጊዜ ቀድሞ ይሞላል።

ጸሐፊው ለጤነኛነት ማስረጃ ያደረጉት በታኅሣሥ ከጉማራ ድልድይ ላይ ሆነው ያዩትን ጥርት ያለ ውኃ ነው። ጥርት ያለ ውኃ ደስ ይላል፤ ግን የወንዝ ጤና ያለው ከውኃው ሥር፣ ጠጠሩ ውስጥ ነው። በጣና አካባቢ ነጭ አሳ የሚባሉት ትልልቆቹ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች በርካታ ዓይነቶች ሲሆኑ አብዛኞቹ ከሐይቁ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከእነሱ ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ገባሮች ሽቅብ ይሄዳሉ። እንቁላላቸውንም ንጹሕ ጠጠር ባለበት ፈጣንና ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ይጥላሉ። እንቁላሉ በጠጠሮቹ መሐል ተሸሽጎ የሚኖረው በጠጠሩ ቀዳዳ የሚያልፈው ውኃ ኦክስጅን ስለሚያመጣለት ነው። ቀዳዳው በደቃቅ ደለል ሲደፈን እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ላዩ ላይ የሚፈሰው ውኃ ብርጭቆ ቢመስልም ያ አይለወጥም።

በዚህ ከፍታ ደግሞ ትርፍ ኦክስጅን የለም። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ የሚሞቅ ንጹሕ ውኃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋው በጣና ዙሪያ ያው ውኃ መያዝ የሚችለው 7.3 ገደማ ነው። የዳርቻው ጥላ ተቆርጦ ውኃው 25 ዲግሪ ከደረሰ ወደ 6.6 ይወርዳል። ዛፍ መቁረጥ፣ ደለል መጨመርና ፍሳሽ መልቀቅ እኩል በሚሞቅ የዝቅተኛ ቦታ ወንዝ ላይ ከሚያደርሱት ጉዳት ይልቅ እዚህ ፈጥነው የሚያንቁት ለዚህ ነው።

ማንም ሰው ያለ ላቦራቶሪ ሊያረጋግጠው ይችላል። በጥር ወይም በየካቲት ወንዙ ጠጠር ላይ እየተንሿሿ የሚያልፍበትን ቦታ ይምረጡ። መዳፍ የሚያህል ድንጋይ ያንሱ። ድንጋዩ በቀላሉ ከተነሳና ከሥሩ አሸዋና ክፍተት ካለ ደህና ነው። ከግማሽ በላይ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ እንደ ጥርስ ተነቅሎ የሚወጣ ከሆነ ጠጠሩ ታፍኗል። ቀጥሎ ድንጋዩን ገልብጠው ያጢኑ፤ በጎንና ጎናቸው የሚርገበገብ መተንፈሻ፣ በጅራታቸው ሦስት ቀጫጭን ክር ያላቸው ዕጮች ካሉ ኦክስጅን አለ። የሚገኘው ቀይ ክር የሚመስል ትል ብቻ ከሆነ ግን ውኃው ቢጠራም ሥሩ ታሟል። ለጸሐፊው አንድ ነገር አምናለሁ፤ የነጭ አሳ መመናመን በደለል ብቻ የመጣ አይደለም። በመራቢያ ወራት ወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋ መረብና አሳ ለማደንዘዝ የሚበተን የብርብራ ፍሬ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ይህም ቢሆን የሰው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ እርከን ነው፤ ብዙ አንባቢ ያሳመነውም ይኸው ይመስለኛል። ጥርና የካቲት በመጣ ቁጥር ገበሬው ያለ ክፍያ ወጥቶ ዳገት ሲቆፍር መክረሙ እውነት ነው፤ ያ ድካም ሊናቅ አይገባም። ብዙ ቦታም አፈር አትርፏል። «ስለዚህ የእርሻው ጉዳት ተገትቷል» የሚለው ግን ከሥራው አይከተልም።

ሒሳቡን እንሥራ። ለኢትዮጵያ ደጋ የሰብል መሬት በሰፊው የሚጠቀሰው ግምት በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል የሚል ነው። ይህ 35 እስከ 40 ሜትር ኩብ ይሆናል። አሥር በመቶ ተዳፋት በሆነ ማሳ ላይ በአንድ ሜትር የከፍታ ልዩነት እርከን ቢሠራ በየአሥር ሜትሩ አንድ መስመር፣ በሄክታር አንድ ሺህ ሜትር እርከን ይወጣል። ቦዩ በመመሪያው መሠረት 50 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው 250 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ የሚታጠበው ሁሉ ቢገባበት ስድስት ዓመት ገደማ ይቆያል። በዘመቻ ቀን ድንጋያማ መሬት ላይ የሚቆፈረው ብዙ ጊዜ ሠላሳ በሠላሳ ነው። ያ 90 ሜትር ኩብ ነው፤ በሁለት ዓመት ከመንፈቅ ይሞላል። የሞላ ቦይ ውኃን አይይዝም፤ ሰብስቦ አንድ ደካማ ቦታ ላይ ይለቀዋል። በሪፖርት የሚቆጠረው ግን አዲስ የተሠራ ኪሎ ሜትር እንጂ የተጠረገ ቦይ አይደለም።

ሌላው ስሕተት የዳገቱ ውኃ መሄጃ ነው። ዝናብ በሚያንስበት አገር እርከን ወለል ባለ ደረጃ ተሠርቶ ውኃውን እዚያው ማስረጉ ትክክል ነው። በጣና ተፋሰስ ግን ከ1,200 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት ቦታ ብዙ ነው፤ አፈሩም በየረባዳው ውኃ ቶሎ የማያሰርግ ጥቁር ዋልካ ነው። ወለል ያለ እርከን እዚህ ሲሠራ ማሳው ላይ ውኃ ይተኛል፤ ገበሬውም ሰብሉን ለማዳን በሌሊት እርከኑን ይሸነቁረዋል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ሥራው ለቦታው ስላልተሠራ ነው። ለእንዲህ ያለ መሬት እርከኑ ከግማሽ እስከ አንድ በመቶ ዘንበል ብሎ ውኃውን ሣር ወደበቀለበት ማፋሰሻ ማድረስ አለበት። ማፋሰሻው ከእርከኑ አንድ ዓመት ቀድሞ ሣር መልበስ ይኖርበታል። በተግባር ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ እርከኑ በየካቲት ተቆፍሮ ማፋሰሻው «በሚቀጥለው ዓመት» ይባላል፤ በሐምሌ ውኃው ራሱ ማፋሰሻ ይቆፍራል። እሱ ቦረቦር ይሆናል።

ቦረቦር ደግሞ ዋናው ነገር ነው። ከባሕር ዳር በስተደቡብ ባለው በደብረ ማዊ የተደረጉ ጥናቶች በግልጽ እንዳሳዩት፣ ቦረቦር በሚያርፍበት ስፍራ በሄክታር የሚሄደው አፈር ከላይኛው ማሳ ከሚሄደው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቦረቦሩ የሚከፈተውም በዳገቱ ሳይሆን ከግርጌ ባለው ረባዳ ላይ ነው። ክረምቱ ሲገፋ ረባዳው በውኃ ይጠግባል፣ የከርሰ ምድር ውኃው ወደ ላይ ይወጣል፣ የቦረቦሩን ግድግዳ ከውስጥ ይገፋዋል፤ ግድግዳውም ጎርፍ ባይመታውም ተንዶ ይወድቃል። እርከን በዳገቱ ላይ ውኃ ባሰረገ ቁጥር ያ ውኃ የሚወጣው እዚሁ ግርጌ ነው። ዳገቱን ብቻ አክሞ ረባዳውን መተው በሽታውን ወደ ታች መግፋት ነው።

ከዚህ ላይ ገበሬው ትርፍ ውኃ ለማውጣት በማረሻ በማሳው ላይ አግድም የሚያወጣውን ፈሰስ ጨምሩ። አንድ ፈሰስ ጉዳት የለውም። ችግሩ የአንዱ ፈሰስ በሌላው ማሳ ድንበር ላይ መለቀቁ ነው፤ አምስት ስድስት ማሳ አልፎ ሲገናኝ ትንሽ ወንዝ ይሆናል። መንገድም እንዲሁ ነው። ጥርጊያ መንገድ ሲሠራ ከዳገቱ የሚወርደው ውኃ ተሰብስቦ በጥቂት ቱቦዎች ብቻ ያልፋል፤ ከቱቦው አፍ በታች ድንጋይ ካልተነጠፈ ቦረቦሩ የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ቦረቦር ይድናል፤ ግን በቅደም ተከተል። መጀመሪያ ከቦረቦሩ ራስ በላይ መቀልበሻ ቦይ ተቆፍሮ ውኃው ይወሰዳል። ከዚያ ቀጥ ብሎ የቆመው ግድግዳ ቢያንስ አንድ ለአንድ ተዳፍቶ ይስተካከላል። ክትሩ፣ ማለትም በቦረቦሩ ውስጥ አግድም የሚሠራው የውኃ ማገጃ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። የክትሮቹ ርቀት የሚወሰነው የታችኛው ክትር የውኃ ማለፊያ ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል እንዲሆን ነው፤ አልጋው አሥር በመቶ ቢያዘቀዝቅና ክትሩ አንድ ሜትር ከፍታ ቢኖረው በየአሥር ሜትሩ ማለት ነው። ክትሩ በሁለቱም ጎን ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ግድግዳው መግባት፣ መሐሉ ከዳሩ ዝቅ ብሎ የውኃ ማለፊያ ማግኘት፣ ከበታቹም ድንጋይ መነጠፍ አለበት። በየቦታው ፈርሰው የሚታዩት ክትሮች አብዛኞቹ መሐላቸው ከዳራቸው እኩል የተሠሩ ናቸው፤ ውኃው ማለፊያ ሲያጣ ጎናቸውን ቦርቡሮ ያልፋል፣ ቦረቦሩም ይሰፋል። ውኃ በሚያመነጭ ረባዳ ላይ ደግሞ መጀመሪያ ምንጩ በድንጋይ በተሞላ ቦይ ካልተመራ ጋቢዮን፣ ማለትም በሽቦ ሳጥን የታሰረ የድንጋይ ክትር፣ እንኳ አይቆምም።

ማዳበሪያን በተመለከተ የጸሐፊው ንጽጽር ትክክል ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ በሄክታር የሚጨምረው ከአውሮፓም ከቻይናም ያነሰ ነው። ስሕተቱ ወንዝ የሚመዝነው የተገዛውን ኩንታል ሳይሆን የደረሰበትን መሆኑን መዘንጋታቸው ላይ ነው። ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ በአንድ ኩንታል 38 ኪሎ ፎስፌት አለው፤ ወደ ንጹሕ ፎስፈረስ ሲመለስ 16.6 ኪሎ ነው። ፎስፈረስ በውኃ ሟሙቶ ብዙም አይሄድም፤ አፈር ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ አፈሩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። አንድ ኪሎ አፈር ግማሽ ግራም ብቻ ፎስፈረስ ቢኖረው 42 ቶን አፈር 21 ኪሎ ይዞ ይወጣል። ማለትም ገበሬው በብድር ከገዛው ይበልጣል። ከማሳ የተነሳው አፈር ሁሉ ወንዝ አይደርስም፤ ከፊሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ነገር ግን ሩቅ የሚሄደው ደቃቁ ነው፤ ፎስፈረስም የሚጣበቀው በደቃቁ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ከኑሮ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ። ማገዶ በጠፋበት አገር ከብቱ የሚጥለው ሁሉ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ማሳው ፍግ ሲያጣ አፈሩ መተሳሰሩን ያጣል፤ ዝናብ ሲመታው ላዩ ይታሸጋል፤ ውኃው አይሰርግም። ስለዚህ ወንዙን ለማዳን ከሚሠሩት ሥራዎች አንዱ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከትልቁ ማሳ የባሰው ግን በበጋ ወንዝ ጫፍ ላይ የሚለማው የሽንኩርት፣ የቲማቲምና የጫት ቁራጭ መሬት ነው። ስፋቱ ትንሽ ነው፤ በቃዳ (በሩብ ሄክታር) ሲቆጠር ግን የሚፈስበት ዩሪያና ኬሚካል ከማንኛውም ማሳ ይበልጣል፤ ከውኃው የሚለየውም ጥቂት እርምጃ ነው። መርጫውን ወንዝ ውስጥ ማጠብ ደግሞ የተለመደ ነው። የተረፈውን ሦስት ጊዜ በትንሽ ውኃ አለቅልቆ እዚያው ሰብሉ ላይ መርጨት ምንም ወጪ የለውም፤ ኬሚካሉም ከወንዙ ይቀራል።

«ከተሞቹ ትንንሽ ናቸው» የሚለውን ነጥብ ወቅት ይሽረዋል። ጎንደር በቀሃና በአንገረብ መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ሁለቱም የሚደርሱት መገጭ ነው። ደብረ ታቦር ከጉማራና ከርብ ምንጮች አጠገብ ናት፤ ወረታ ከርብ ሜዳ ላይ ናት። በመሐንዲሶች ዘንድ እንደ መነሻ በሚወሰደው ልክ አንድ ሰው በቀን 40 ግራም ያህል ኦክስጅን የሚበላ ቆሻሻ ያወጣል። የ10,000 ሰው ፍሳሽ አንድ ገባር ውስጥ ቢገባ 400 ኪሎ ነው። በነሐሴ በሰከንድ 20 ሜትር ኩብ በሚፈስ ወንዝ ውስጥ በሊትር ሩብ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም፤ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ያው ወንዝ በመጋቢት 200 ሊትር በሰከንድ ሲሆን ግን በሊትር 23 ሚሊግራም ይሆናል። 7 ሚሊግራም ኦክስጅን ብቻ ያለው ውኃ ይህን መሸከም አይችልም። ከተማዋ ትንሽ ብትሆንም ወንዙ በበጋ ከእሷ ያነሰ ነው።

ወንዙን በበጋ የሚያሳንሰው ደግሞ ለመስኖ ውኃ የሚስበው ሞተር ነው። የተለመደው ባለ አምስት ፈረስ ጉልበት ሞተር በሰከንድ ስምንት ሊትር ያህል ይስባል ብንል ሃያ ሞተር 160 ሊትር ነው። ሁሉም ጠዋት በአንድ ጊዜ ሲነሱ ከላይኛው 200 ሊትር የሚቀረው 40 ነው። በተራ ቢጠጣ ያው ውኃ ሁሉንም ያዳርሳል፤ ወንዙም አይቋረጥም። በክረምት ደግሞ ከተማው ወንዙን የሚጎዳው በተቃራኒው፣ ውኃ በማብዛት ነው። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያላቸው 5,000 ቤቶች ላይ በግማሽ ሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 6,000 ሜትር ኩብ ውኃ፣ በሰከንድ ከሦስት ሜትር ኩብ በላይ፣ ከተፈጥሮ መንገዱ ተነቅሎ በአንድ ጊዜ ወደ ጅረቱ ይወርዳል። ከከተማ ግርጌ ያሉ ጅረቶች ዳራቸው የሚናደው ለዚህ ነው።

እምቦጭን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው። አረሙ መጤ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን በሐይቁ ላይ ጎልቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011፣ የመገጭ ወንዝ በሚገባበት በሰሜኑ ዳርቻ ነው፤ አረሙ ጥልቀት የሌለውና ደለል የበዛበት፣ በንጥረ ነገር የጠገበ ውኃ ይወዳል። በተመቸው ውኃ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ፍሬውም ደለል ውስጥ እስከ ሃያ ዓመት ሊቆይ ይችላል። መንቀሉ አስፈላጊ ነው። ወንዙ ምግቡን በየክረምቱ እያመጣለት ግን መንቀል ብቻውን አያበቃውም። ከዚህ ጋር የተያያዘው ጉዳይ ጸሐፊው ያላነሱት ረግረግ ነው። ወላላና ሸሸር የተባሉት የፎገራ ረግረጎች ደለሉን የሚያሳርፉ፣ የአሳ ጫጩት የሚያሳድጉ ነበሩ፤ እየደረቁ ታርሰው ወደ ሩዝና ወደ ሌላ ሰብል ተለውጠዋል። የወል ግጦሹም ሲታረስ በሐይቁና በማሳው መሐል የነበረው ማጣሪያ ሄዷል።

ወደ መደምደሚያቸው እንሂድ። ባሕር ዛፍ ገበሬውን ያተረፈ ዛፍ ነው፤ በአራት አምስት ዓመት ለሽያጭ ይደርሳል፣ ተቆርጦም ያቆጠቁጣል። ከወንዝ ርቆ በተራቆተ ኮረብታ ላይ ቢተከል የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ወንዝ ጫፍ ላይ ግን ለሁለት ነገር አይሆንም። በየካቲትና በመጋቢት ወንዙ ሲያንስ እሱ ውኃ መሳቡን አያቆምም፤ ከሥሩ ደግሞ ሣር ስለማይበቅል ጎርፍ ሲመጣ አፈሩን የሚይዝ የለም። ዳርን የሚይዘው በውኃው ጫፍ አኻያ፣ ሸምበቆና ደንገል፣ ከፍ ብሎ ዶቅማና ሾላ፣ ከማሳው ጋር በሚያዋስነው ደግሞ አምስት ሜትር የሚሆን ዝሆኔ ሣር ወይም ቬቲቨር ነው። አኻያ ችግኝ ጣቢያ አይፈልግም፤ አውራ ጣት የሚወፍር፣ አንድ ሜትር የሚረዝም ቅርንጫፍ በመስከረምና በጥቅምት፣ ውኃው ሸሽቶ ዳሩ ገና ርጥብ ሳለ፣ ሁለት ሦስተኛውን ቀብሮ በየግማሽ ሜትሩ መትከል ነው። ዝሆኔ ሣርም ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ ሆኖ ሁለቱ አንጓ አፈር ውስጥ ይገባል። ሁለቱንም የሚገድላቸው አንድ ነገር ነው፤ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ የሚለቀቀው ከብት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ልቅ ግጦሽ ካልተከለከለ ተከላው ከንቱ ነው። ለከብቱም ዳሩን ሁሉ ከሚረግጥ ድንጋይ የተነጠፈበት አንድ መውረጃ ይበጅለት።

ገበሬውን ማንሳቱ ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር ፈጽሞ አልስማማም። ሕጉም ቢሆን ትኩረቱ ሌላ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይሆን የከለከለ፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ ባለው ላይ ዓመታዊ ሰብልን በጠረጴዛማ እርከን ብቻ የፈቀደ ነበር። ከወንዝ ግራና ቀኝ መቶ መቶ ሜትር ማለት በአንድ ኪሎ ሜትር ወንዝ 20 ሄክታር፣ 80 ቃዳ ነው። አብዛኛው ሰው ከአንድ ሄክታር በታች በሚያርስበት አገር ይህ ከ20 ቤተሰብ በላይ ይፈናቀላል ማለት ነው። የተነሱትም ወዴት ይሄዳሉ ቢባል ያው ወደ ዳገቱ፣ ጎርፉ ወደሚነሳበት ነው። አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሜትር ግን 3 ሄክታር ብቻ ናት። ማንም ቤቱን አይለቅም፤ የሚተወው የማሳውን ጫፍ ነው። ከጫፉም ሣር አጭዶ ከብቱን ይቀልባል።